የእንጦጦ ዳገት ወይስ የመስቀል አደባባይ ደረጃ?

አዲስ አበባ ውስጥ ትንፋሹን መፈተን የሚፈልግ ሯጭ ጎህ ሲቀድ ከሁለት አንዱን ይመርጣል። የመስቀል አደባባይ ቅርብ ነው፤ ታክሲ በደጁ ያልፋል። እንደ ግማሽ ክብ የተዘረጋውን እርከን አንዱን ጨርሶ ወደ ቀጣዩ እየወጡ፣ እንደ እባብ እየተጠማዘዙ መሮጥ ነው። የደከመው እዚያው ይቀመጣል። አሰልቺነቱን ግን አልክድም፤ ስንተኛው እርከን ላይ እንደደረሱ መርሳት የተለመደ ነው። ጠንካራው ወለልም ለጉልበት አይራራም።

እንጦጦ ሌላ ዓለም ነው። አናቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከአደባባዩ ጋር ሲነጻጸር ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። አየሩ ይሳሳል፣ ልብ ከደረት ልትወጣ ትደርሳለች። በባሕር ዛፎቹ መካከል ያለው አፈር ግን ለእግር ይመቻል። ዳገት እርምጃን ያሳጥራል፣ ጉልበትን ከፍ አድርጎ ማንሳትን ያስገድዳል፤ በዝግታ እየሮጡ እንኳ ጭንና ባት በብርቱ ይሠራሉ። አታላዩ ቁልቁለቱ ነው። ሲወርዱት ቀላል ይመስላል፤ በማግሥቱ ጭንን ይበልጥ የሚያሳምመው ግን እሱ ነው።

ለጀማሪ ደረጃው ይሻላል፤ ባሻው ጊዜ አቋርጦ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። የእኔ ልብ ግን ወደ እንጦጦ ያደላል፤ ምክንያቱም ጤና ብቻ አይደለም። አጋማሽ ላይ እግሬ እምቢ ሲል፣ ጀርባቸው ጎብጦ ማገዶ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች «አይዞህ ልጄ!» ሲሉኝ ማቆም ያሳፍረኛል።