የቅዳሜና እሁድ የኤም ቢ ኤ ትምህርት በደሴ፦ ለሠራተኛ ያዋጣል?

በኮምቦልቻ በሚገኝ ፋብሪካ በሂሳብ ክፍል እየሠራሁ፣ በአንድ የደሴ የግል ኮሌጅ በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር የንግድ ሥራ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ስለምማር፣ ለመመዝገብ ለሚያመነቱ አስተያየቴን አቀርባለሁ።

ብዙ የተጠቀምኩት ከፋይናንስና ከማኔጅመንት አካውንቲንግ ነው፤ ቀድሞ መዝግቤ ብቻ አልፈው የነበረውን ወጪ አሁን ቋሚና ተለዋዋጭ ብዬ ለይቼ፣ ፋብሪካው ሳይከስርም ሳያተርፍም የሚቆምበትን የምርት መጠን አስልቼ ለሥራ አስኪያጁ አሳያለሁ። የማርኬቲንጉ ትምህርት ግን ከስላይድ ንባብ አላለፈም፤ ስለ ውጭ አገር ግዙፍ ኩባንያዎች ብዙ ተወራ፣ በዱቤ ስለሚሸጠው የደሴ ጅምላ ነጋዴ ግን አንድም ቃል አልተነሣም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን፣ ጉም የሚወርሰውን የሐረጎን ዳገት በየሳምንቱ መውጣትም (የትራንስፖርቱን ወጪ ሳልጨምር) ቀላል አይደለም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በባንክ ዕድገት ለሚጠብቅ ሰው፣ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች ለሁለተኛ ዲግሪ ከመጀመሪያ ዲግሪ ያነሰ የሥራ ልምድ ስለሚጠይቁ፣ ያዋጣል እላለሁ። የራሱን ሱቅ ለሚያስተዳድር ግን የሂሳብ አያያዝና የግብር አጭር ሥልጠና ይበቃዋል።

የሚመዘገብ ሰው የትምህርት ሚኒስቴርን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አስቀድሞ ይዘጋጅበት፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድም ለየካምፓሱና ለየትምህርት መስኩ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የደሴውን ካምፓስ ፈቃድ ይጠይቅ። የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ ለስንት ተማሪ እንደሚመደብም ይጠይቅ፤ የእኔ ረቂቅ ሳይነበብ የከረመው አማካሪው ተማሪ ስለበዛበት ነው።