ሰበታ ላይ ክረምቱን ያለፈው ቢራቢሮዬ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ቢራቢሮውን የገዛሁት ጥር ላይ ነው፤ በ4,500 ብር። በመስታወት ፍሬም ውስጥ ክንፉን ዘርግቶ የተሰካ ፓፒሊዮ ፓሊኑሩስ ነው። አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ጥቁር ክንፉን አረንጓዴ መቀነት ያቋርጠዋል። ከኋላ ክንፎቹ ደግሞ ሁለት ጭራ ወርዷል። አሁን ጥቅምት ገብቷል። አንድ ሙሉ የሰበታ ክረምት አብረን ስላሳለፍን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

አረንጓዴው ቅንጣት አልደበዘዘም። ምክንያቱን ሳውቅ ይበልጥ ወደድኩት። ክንፉ ላይ አረንጓዴ ቀለም የሚባል ነገር የለም! ክንፉን የሸፈኑት ቅርፊቶች ላይ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያሉ ጉድጓዶች አሉ። መሃላቸው ቢጫ ብርሃን ይመልሳል፣ ዳራቸው ሰማያዊ። ዓይናችን ሁለቱን ቀላቅሎ አረንጓዴ ያደርገዋል። በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳየው ቅርፊቶቹ እንደ ጣሪያ ክዳን ተደራርበው ይታያሉ። ማታ ማታ ይህን ሳይ ብዙ ቆያለሁ። ጥቁሩ ክፍል ግን እውነተኛ ቀለም ስለሆነ ፀሐይ ያነጣዋል። መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉት።

የጎረቤቴ ልጅ መጥታ «ጋሼ፣ እኛ አገርም አለ?» አለችኝ። ግቢያችን ያለው ሎሚ ጋ ወሰድኳት። ቅጠሉን የሚበላው አባጨጓሬ የዚሁ ወገን ነው፤ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ይባላል። ሲያድግ ግን ጭራ የለውም። በስንጥር ነካ ስናደርገው ከራሱ ላይ ብርቱካንማ ቀንድ አወጣና የሚከረፋ ሽታ ለቀቀ። ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሎሚውን ሳታይ አትውልም።

ችግሩ የመጣው ከጀርባው ነው። ሻጩ «አየር አያስገባም» ብሎኝ ነበር። ጀርባው ግን ተራ ካርቶን ነው። እኔም የሰቀልኩት ዝናብ በሚመታው ግድግዳ ላይ ነበር። ነሐሴ ላይ ካርቶኑ አበጠ፣ መስታወቱም ከውስጥ ጤዛ ያዘ። መስከረም ላይ ደግሞ ከሆዱ ሥር እንደ ቡና ዱቄት ያለ ብናኝ አየሁ። ደነገጥኩ። ይህ የደረቀ ነፍሳት የሚበላ የጥቃቅን ጥንዚዛ እጭ ምልክት ነው። ሆዱን ቦርቡሮ ይጨርሰዋል።

ፍሬሙን በሁለት ፌስታል ጥቅልል አድርጌ እህቴ ቤት ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አስቀመጥኩት። ሲወጣ ፌስታሉን ወዲያው አልፈታሁም። ቅዝቃዜው ሳይለቀው ከተፈታ ውሃ ያዝላል። ከዚያ ፍሬም ቤት ወስጄ ጀርባውን በስስ ጣውላ አስቀየርኩ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሳሸግኩ። ከጫማ ካርቶን የተረፈች እርጥበት መጣጭ ከረጢትም ጥግ ላይ አስገባሁ። በዚህ መሃል አንድ አንቴና ተሰበረ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ብናኙ ግን አልተመለሰም።

ሌላው ቅሬታዬ ወረቀቱ ነው። «ኢንዶኔዥያ» ብቻ ይላል። የት ደሴት፣ መቼ ተያዘ፣ እርባታ ነው ወይስ ከጫካ፣ ምንም የለም። ለሰብሳቢ ደግሞ ቦታና ቀን የሌለው ቢራቢሮ ግማሹ የጎደለ ነው። ኦርኒቶፕቴራ የሚባሉትን ትልልቆቹን ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ። ሳይተስ በሚባለው፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስለሚጠበቁ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም።

ብሩ አይቆጨኝም። ሁለተኛም እገዛለሁ። ያኔ ግን መጀመሪያ ፍሬሙን ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ፣ ቀጥሎ ወረቀቱን። አሁን ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን በሚለየው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ዝናብ የማይደርስበት።