ግማሽ ጥቅስ በ400 ብር

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለ አንድ የመንፈሳዊ ዕቃ መሸጫ የግድግዳ ጥቅስ ገዛሁ። እንጨቱ አሪፍ ነው፣ ጽሑፉም ያምራል፣ የድሬ ሙቀት ግን ማጣበቂያውን በሳምንቱ አላቀቀው። እሱስ ይሁን። የከነከነኝ ጥቅሱ ነው። ዘዳግም 28፥13ን «ራስ ያደርግሃል እንጂ ጅራት አያደርግህም» ብሎ እዚያው ይቆርጠዋል። ትእዛዙን ሰምተህ ብትጠብቅ የምትለዋ የዚያው ቁጥር ቀሪስ የት ገባች? ምዕራፉ ራሱ «ብትሰማ» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ በረከቱ ቁጥር 14 ላይ ያልቃል፣ ከ15 እስከ 68 ያለውን እርግማን ግን ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው አይቼ አላውቅም (እኔም አልሰቅልም)። ሻጩን ስጠይቀው «አቦ፣ ቦታ አልበቃማ!» አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፣ በነፃ መልሶ አጣበቀልኝ። «ብትጠብቅ» የምትለዋን ራሴ በእስክሪፕቶ ጨምሬ ሰቀልኩት።