ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባህር ላይ ለሚቀዝፍ ሰው የትኛው ካያክ? ድፍኑ፣ ጎማው ወይስ ተጣጣፊው

ካያክ (ተቀምጠው በመቅዘፊያ የሚነዱት ጠባብ ጀልባ) ልገዛ ነው የትኛው ይሻለኛል የሚል ጥያቄ ሰሞኑን በጣም በዝቶብኛል፣ የምጽፈው የባህር ካያክ መመሪያ መጽሐፍ ወደ ማለቂያው መሆኑን የሰማ ሁሉ ነው የሚጠይቀኝ፣ ለእያንዳንዱ ለብቻው ከምመልስ ለመጽሐፉ ጅቡቲና ዛንዚባር ስመላለስ ያየሁትን እዚሁ ልጻፈው። የፈረንጅ ንጽጽር ሁሉ የተጻፈው ባህሩ ከቤቱ በታች ላለ ሰው ነው፣ ጋራዥ አለው፣ መኪናው ላይ ይጭናል፣ ትንሽ ነድቶ ውሃ ይገባል። እኛ ደግሞ አዲስ አበባ መሀል ነን፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ ባህር ለማየት ወይ ቦሌ ሄደን መብረር ወይ ለቡ ወርደን ባቡር መያዝ አለብን። ስለዚህ መጀመሪያ ማሰብ ያለባችሁ ደረጃውን ነው፣ ቀጥሎ የአየር መንገዱን ሚዛን፣ ባህሩ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው።

ድፍኑን፣ የማይታጠፍ የማይነፋውን ማለት ነው፣ በቶሎ ልጨርሰው። ባህር ላይ እሱን የሚያህል የለም፣ ይሄን ማንም አይክደውም፣ 5 ሜትር አካባቢ ይረዝማል፣ ወርዱ ከ55 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከፊትና ከኋላ ውሃ የማያስገባ ክፍል ስላለው ቢገለበጥም ይንሳፈፋል፣ ዕቃችሁም እዛ ውስጥ ደርቆ ይቀመጣል። ግን ከቪትስ ይረዝማል፣ ፕላስቲኩ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ መታጠፊያ ላይ አይዞርም፣ እንደ ሻንጣ አይበርም። በኮንቴይነር አስመጣለሁ ካላችሁ ትራንዚተሩ አለ፣ ቀረጡ አለ፣ መጋዘኑ አለ፣ ያን ሁሉ ከፍላችሁ ደግሞ መልሳችሁ ወደ ባህር መውሰጃ የላችሁም። ቢሾፍቱ ወይ ላንጋኖ ቤት ያለውና ፖርቶመጋላ ያለው ሃይሩፍ የሚያገኝ ሰው ይግዛው፣ ሌሎቻችን ባህሩ ያለበት አገር ስንደርስ እንከራየው።

ጎማው ላይ ሰው ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራና ይምታታበታል። ኢንቴክስ ኤክስፕሎረር ኬ2 የሚባለው ቢጫው ርካሽ ነው፣ ውጭ አገር ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል፣ 3.12 ሜትር ነው፣ ባቦጋያ ላይ ከልጆች ጋር ዳር ዳሩን ለመዝናናት ይሆናል፣ ባህር ላይ ግን በፍጹም እንዳታወጡት፣ የተሰራውም ለዛ አይደለም። ሌላኛው ጎማ እንደ ጉሞቴክስ ሲዌቭ ያለው ነው፣ የቼክ ስራ፣ 4.5 ሜትር፣ 17 ኪሎ፣ እስከ 0.25 ባር የአየር ግፊት የሚነፋ፣ ከላይ የሸራ ክዳን የሚገጠምለት፣ ዋጋውም ያን ያህል ይለያል። ይሄኛው ከመቅዘፊያውና ከፓምፑ ጋር ተጨናንቆም ቢሆን አንድ 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ በሩብ ሰዓት ተነፍቶ ያልቃል፣ ቢገለበጥ ራሱ አየር ስለሆነ አይሰምጥም፣ ተመልሶ ለመውጣትም ከሁሉም ይቀላል። ችግሩ ንፋስ ነው። ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከየብስ ወደ ባህር የሚነፍስ ንፋስ ሲነሳ ካያኩን ይዞት ይሄዳል፣ እዚህ ላይ ጉልበት ብዙም አያድናችሁም፣ ስለዚህ ጎማ የያዘ ሰው ጠዋት በማለዳ ወጥቶ ንፋሱ ሳይበረታ መመለስ አለበት። ሌላው ፀሐይ ነው፣ ጠዋት እስኪወጠር የተነፋውን ጎማ እኩለ ቀን አሸዋ ላይ ትታችሁት ምሳ ብትሄዱ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ስፌቱን ሊያፈነዳው ይችላል፣ ከውሃ ሲወጣ ትንሽ ማስተንፈስ ግድ ነው።

ሦስተኛው እንደ ካርቶን የሚታጠፈው ፕላስቲክ ነው፣ በብዛት የሚታወቀው የሳን ፍራንሲስኮው ኦሩ። ለአዲስ አበባ ኑሮ ሲታይ በጣም ያምራል፣ አልጋ ስር ይገባል፣ ረጅሙ ኮስት ኤክስቲ 4.9 ሜትር ሆኖ 15 ኪሎ አካባቢ ብቻ ነው፣ አምራቹ 20,000 ጊዜ ቢታጠፍም አይሰበርም ይላል። ግን ኪሎውን ብቻ አትዩ፣ ብዙ አየር መንገድ የሻንጣውን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ነው የሚለው፣ የኦሩ ሳጥን ደግሞ ሲደመር ከ180 ያልፋል። አንድ አየር መንገድ ላይ ሚዛኑ በሰላም ካለፈ በኋላ ልጅቷ ሜትር አውጥታ ለካችውና ከመጠን በላይ ተብሎ ተጨማሪ አስከፈሉኝ፣ ስመለስ ደግሞ ያው ሳጥን ምንም ሳይባል አለፈ፣ ስለዚህ ይሄን ስትገዙ በየበረራው የምትከፍሉትን አብራችሁ አስቡ። ውስጡም ክፍት ነው፣ ከፊትና ከኋላ የአየር ከረጢት ካላደረጋችሁበት ባህር ላይ ሲገለበጥ ውሃ ጠጥቶ ይቀራል፣ ከረጢቱን አብራችሁ ግዙ።

አሁን እኔ ወደምወደው። ፍሬሙ እንጨት ወይ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ላይ ወፍራም ልባስ የሚለብሰው ተጣጣፊ ካያክ አዲስ ነገር አይደለም፣ ክሌፐር የሚባለው የጀርመኑ ካምፓኒ ሮዘንሃይም ከተማ ላይ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው የሰራው። ይሄ ካያክ ባህር ላይ ይታመናል ወይ ለሚለኝ ሰው የምነግረው ስለ ሃነስ ሊንደማን ነው፣ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ከካናሪ ደሴቶች ተነስቶ በክሌፐር አትላንቲክን በ72 ቀን ብቻውን ተሻገረ። ኦስካር ስፔክ ደግሞ በ1932 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ከኡልም ተነስቶ በተጣጣፊ ካያክ ዳር ዳሩን እየቀዘፈ በ1939 አውስትራሊያ ገባ። እኔና እናንተ አትላንቲክን አናቋርጥም፣ ግን ልባሱ ከሞገዱ ጋር ይተጣጠፋል፣ በጎንና በጎን ያለው የአየር ቱቦ ደግሞ ሚዛን ይሰጠዋል፣ ሲቀዘፍም ጎማው ላይ የማይገኝ ፍጥነት አለው።

ፍጥነቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ጅቡቲ ላይ ይገባችኋል። ከታጁራ ባህረ ሰላጤ ወደ ጉቤት፣ ወደ ውስጠኛው ባህረ ሰላጤ፣ የሚያስገባው በር ጠባብ ስለሆነ ውሃው ሲሞላና ሲሸሽ በዛ በር ውስጥ እንደ ወንዝ ይፈሳል። ጎማው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው፣ ረጅሙ ተጣጣፊ ከ6 እስከ 7፣ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል አይደል፣ ውሃው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት ቢገፋችሁ ግን አንዱ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ሌላው 2 ተኩል፣ አንዱ ላይ መሽቶባችሁ ሌላው ላይ ደርሳችኋል ማለት ነው።

ዛንዚባር ላይ ግን ፍርዱ ይገለበጣል። በምስራቁ በኩል ፓጄና ጃምቢያኒ ውሃው ሲሸሽ በጣም ሩቅ ነው የሚሄደው፣ ጠዋት የገባችሁበት ዳርቻ ከሰዓት ሰፊ ጭቃና ኮራል ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ ሴቶቹ የባህር አረም የሚያለሙበት ትንንሽ እንጨት በገመድ ተያይዞ በየቦታው ተተክሏል፣ በመሀሉ እሾሃማ የባህር ጃርት አለ። ካያኩን ተሸክማችሁ ነው የምትወጡት። 17 ኪሎ ጎማ ትከሻ ላይ ይሄዳል፣ ዕቃ የተጫነበት 30 ኪሎ ክሌፐር ለብቻ አይነሳም፣ በመጎተት ደግሞ ልባሱ ያልቃል። በየቀኑ ዳርቻ እየቀየራችሁ በዳላዳላ፣ በእነሱ ታክሲ፣ ለምትዞሩ፣ እኔ የመጽሐፉን ካርታ ሳስተካክል እንደማደርገው ማለት ነው፣ ፍሬም መግጠምና መፍታት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ይበላል፣ ለጀማሪ አንድ ሰዓት። ስለዚህ ደሴት እየቆጠራችሁ ለብዙ ቀን የምትጓዙ ከሆነ ተጣጣፊው፣ አንድ መንደር አርፋችሁ ጠዋት ጠዋት የምትወጡ ከሆነ ጥሩው ጎማ።

ጥገናውን እዚህ ከተማ ላይ አስቡት። ጎማ ስለተባለ ጎሚስታ ይለጥፈዋል ብላችሁ እንዳትተማመኑ፣ ካያካችሁ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሰራ ከሆነ የካላማዳሪያ ማጣበቂያም የጫማ ሰሪ ማስቲሽም ሞቅ ሲል ይላቀቃል፣ ለፒቪሲ የሚሆነው የፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ነው፣ ከካያኩ ጋር አብራችሁ አምጡ። የተጣጣፊው ልባስ ሲቀደድ ግን መርካቶ ሸራ የሚሰፉ ባለሙያዎች አሉ፣ የታጠፈ የአሉሚኒየም ዘንግም በብረታ ብረት ሰራተኛ ይቃናል፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። የጨው ነገር ደግሞ አለ፣ አሉሚኒየሙ ጨው እንደነካ ከታሸገ መጋጠሚያው ተጣብቆ አልፈታ ይላል፣ ቤት ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በጀሪካን ካያክ አይታጠብም፣ ከባህሩ ሳትነሱ እዛው ሻወር ላይ አጥባችሁ አድርቃችሁ አሽጉ። እንጨቱን በክረምት ቦርሳ ውስጥ አትተዉት፣ ይሻግታል።

ገንዘብን በተመለከተ ተጣጣፊው ከሁሉም ይከብዳል፣ አዲስ ክሌፐር ብዙ ሺህ ዩሮ ነው፣ ጥሩው ጎማ መሀል ላይ ነው። ብራችሁ ለካያኩ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ካያኩን ለጊዜው ተዉትና አራት ቦታ የሚፈታ መቅዘፊያና በልካችሁ የሆነ ላይፍ ጃኬት ግዙ፣ ኪራይ ቤት የሚሰጡት ላይፍ ጃኬት ብዙ ጊዜ ያለቀ ነው። ስፖንጅ ያለውን ምረጡ፣ በጋዝ የሚነፋው ሲሊንደር ስላለው ኤርፖርት ላይ ያስጠይቃል። ስትመለሱም የሁሉንም ደረሰኝ ያዙ፣ ጉምሩክ ላይ የማይታወቅ ዕቃ ሲያዩ ዋጋውን ራሳቸው ነው የሚገምቱት።

ያገለገለ ተጣጣፊ ካገኛችሁ ሻጩ በቪዲዮ ሙሉውን ገጥሞ ያሳያችሁ፣ ተገጥሞ ካላያችሁ ብር አትላኩ። ልባሱ ከታች በኩል ፍሬሙ የሚነካበትን መስመር አስጠግቶ ያሳያችሁ፣ መጀመሪያ የሚያልቀው እዛ ጋ ነው፣ የአየር ቱቦዎቹን ደግሞ ማታ ነፍቶ ጠዋት እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ ላልተው ካደሩ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።