የኋላ ፕሮጀክሽን ቴሌቪዥን፦ ባለ ሦስት ቱቦው ወይስ ዲኤልፒው?

ሁለቱም ምስሉን ሳጥኑ ውስጥ ባለ መስታወት አንጸባርቀው ከስክሪኑ ጀርባ ያሳርፉታል። የሚለያዩት በብርሃኑ ምንጭ ነው።

ባለ ቱቦው ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ የተለያዩ የምስል ቱቦዎች (ሲአርቲ) አሉት፤ ብዙዎቹ 7 ኢንች ናቸው። ሦስቱ ምስሎች ስክሪኑ ላይ ልክ ካልተደራረቡ ነጭ ጽሑፍ ጠርዙ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያወጣል። መጀመሪያ ከሜኑው ኮንቨርጀንሱን፣ ማለትም የሦስቱን ምስሎች መገጣጠም፣ ያስተካክሉ። መስመሮቹ እንደ ቀስት ጎብጠው አልቃና ካሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሹት ኮንቨርጀንሱን የሚቆጣጠሩት አይሲዎች (የኤሌክትሮኒክስ ቺፖች) ናቸው። አይሲውን ሲቀይሩ አጠገቡ ያሉትን ሬዚስተሮችም ይለኩ፤ አንዱ ተቃጥሎ ከቀረ ምስሉ አይስተካከልም። የጣቢያ አርማ ለረጅም ጊዜ ከቆመበትም ፎስፈሩ (በቱቦው ውስጥ ያለው የሚያበራ ቅብ) ላይ አሻራው ይቀራል።

ዲኤልፒው አንድ መብራት፣ የሚሽከረከር ባለ ቀለም ዲስክና በጥቃቅን መስታወቶች የተሞላ ቺፕ አለው። ቺፑን እ.ኤ.አ. በ1987 የፈለሰፈው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትሱ ላሪ ሆርንቤክ ነው። ኮንቨርጀንስም ሆነ የአርማ አሻራ አያሳስበውም። መብራቱ ግን ከጥቂት ሺህ ሰዓታት በኋላ ይደክማል። ነጫጭ ነጥቦች እየበዙ ከሄዱ መስታወቶቹ ተጣብቀዋል፤ መብራት መቀየር አይፈታውም፣ ቺፑ ራሱ መቀየር አለበት።

ማታ ክፍሉን አጨልሞ ፊልም ለሚያይ ሰው ባለ ቱቦውን እንመርጣለን፤ ጥቁሩ በእርግጥ ጥቁር ነው። ብርሃን ለሚገባበት ሳሎን ዲኤልፒው ይሻላል።