ሊነክስ ሚንት 22 በስላሽ ላፕቶፕ ላይ፦ ኢንቴል ይሻላል ራይዘን?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ፣ ከኤኤምዲ በጥቅሉ ራይዘን 2000ና ከዚያ በላይ ካልሆነ በደንቡ አይቀበልም። በጥቅሉ ማለታችን በምክንያት ነው፤ የላፕቶፑ ራይዘን 5 2500ዩ ስሙ 2000 ቢልም ውስጡ የመጀመሪያው ዜን (የራይዘን የውስጥ ንድፍ) ስለሆነ ከዝርዝሩ ውጭ ነው። በባሕር ዳር ሱቆች መደርደሪያ ላይ ግን 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን ስላሽ (ያገለገለ) ላፕቶፕ ዛሬም አይጠፋም። ሻጩ “ዊንዶው 11 ተጭኖበታል” ቢል ላይዋሽ ይችላል፤ ፍተሻውን ዘሎ ጭኖት ይሆናል። እንዲህ የተጫነ ዊንዶውስ ትልልቆቹን ዓመታዊ ማሻሻያዎች በራሱ አያመጣም፤ በየጊዜው በእጅ መጫን የእርስዎ ጣጣ ይሆናል።

ለዚህ ዓይነቱ ማሽን በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውን ነጻ ሥርዓተ ክወና፣ ሊነክስ ሚንት 22ን፣ ያለ ብዙ ማመንታት እንመክራለን፣ እንጀራዎ እንደ ኢታብስ፣ አውቶካድ ወይም ፒችትሪ ባሉ የምህንድስናና የሂሳብ ፕሮግራሞች ላይ ካልተመሠረተ በቀር። የፕሮሰሰሩን ጉዳይ በተመለከተ ደግሞ ገዢው ከማርካው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ስንተኛ ጀነሬሽን ነው፣ ራሙ አንድ ነው ሁለት፣ ዋይፋዩ የማን ሥሪት ነው።

ሚንት 22 የወጣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲሆን መሠረቱ ሌላው የሊነክስ ዓይነት ኡቡንቱ 24.04 ነው፤ ድጋፉ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። በሦስት መልክ ይመጣል፦ ሲናመን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ። 4 ጊጋ ራም ላለው ኤክስኤፍሲኢ፣ 8 ጊጋ ላለው ሲናመን። ማቴን የሚመርጥ ምክንያቱን ያውቀዋል። ኤክስኤፍሲኢ ምንም ሳይከፈትበት 1 ጊጋ አካባቢ ይይዛል፤ ዊንዶውስ 11 በዚያው ሁኔታ 3 ጊጋና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ያም ሆኖ 4 ጊጋ ራም ላይ ብሮውዘር ከፍቶ አሥር ታብ መደርደር በሚንትም አያስኬድም። ብር ያለው ራም ከመጨመሩ በፊት የሚሽከረከረውን ሀርድ ዲስክ አውጥቶ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያስገባ፤ ልዩነቱ ገና ማሽኑ ሲነሳ ይታያል።

ለመጫን 8 ጊጋ ፍላሽ በቂ ነው፤ ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል፣ ፍላሹ ላይ የሚጻፈው በሩፈስ ወይም በቬንቶይ ፕሮግራም ነው። እዚህ ከተማ መጀመሪያ የሚበላሸው ነገር ራሱ ማውረዱ ነው። ኔት ተቆራርጦ የወረደ ፋይል ሙሉ መስሎ ይታይና መጫኑ 70 ፐርሰንት ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ከዚያ ጥፋቱ በዲስኩ ይሳበባል። ስለዚህ ከፍላሹ ሲያስነሱ በሚመጣው የመጀመሪያ ዝርዝር ላይ “ኢንቴግሪቲ ቼክ” የሚለውን ያስኪዱ። ስህተት ካሳየ ሌላ ምንም ሳይነኩ ፋይሉን እንደገና ያውርዱ፤ ጊጋው ያስቆጫል፣ ግን መፍትሔው እሱ ብቻ ነው።

ዊንዶውሱን ሳያጠፉ ጎን ለጎን የሚጭኑ ከሆነ አስቀድመው ሦስት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ በዊንዶውስ ውስጥ “ፋስት ስታርትአፕ” የሚለውን ያጥፉ። ካልጠፋ ዊንዶውስ ሲዘጋ በትክክል አይዘጋም፣ በግማሽ ይተኛል፤ ሚንት ያንን የዊንዶውስ የዲስክ ክፍልፋይ ሲያገኝ ወይ ጨርሶ አይከፍተውም ወይ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፣ ፋይል ማስቀመጥ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር በርቶ እንደሆነ ይዩ፤ ከበራ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ሳይጽፉ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚቀድመው ማስተካከያ) ውስጥ ምንም አይንኩ። ሦስተኛ፣ መጫኛው ዲስኩን ጭራሽ ካላየው ባዮስ ውስጥ የዲስኩ አሠራር በኢንቴል “አርኤስቲ” ላይ ይሆናል፤ ወደ “ኤኤችሲአይ” መቀየር ይኖርበታል። ዝም ብሎ ከተቀየረ ግን ዊንዶውሱ በሰማያዊ ስክሪን ይሞታል። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አስቀድሞ ማዘዝ፣ ከዚያ ባዮሱን መቀየር፣ አንድ ጊዜ በሴፍ ሞድ አስነስቶ ወደ መደበኛው መመለስ፤ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ፣ በተለይ መብራት በሚበጣጠስበት ሰዓት፣ ክፍልፋይ ማስተካከል አይጀመርም።

ሁለቱን ጎን ለጎን የጫነ ሰው በነጋታው ዊንዶውሱ ሰዓቱን በሦስት ሰዓት ወደኋላ አድርጎ ያገኘዋል። ሚንት በማሽኑ ሰዓት ላይ የግሪንዊችን ሰዓት ይጽፋል፤ ዊንዶውስ ያንኑ የአገሩ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ እኛ ደግሞ ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። (በሐበሻም በፈረንጅም አቆጣጠር የማይገጥም ሰዓት ማለት ይህ ነው።) ሚንት የማሽኑን ሰዓት በአገር ሰዓት እንዲይዝ በአንድ ትእዛዝ ይታዘዛል፤ ከዚያ በኋላ ችግሩ አይመለስም።

አማርኛ መጻፍ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው የት መፈለግ እንዳለበት ስለማያውቅ ነው። በሶፍትዌር ማኔጀር “አይባስ ኤም17ኤን” የሚለውን ይጫኑ፣ “ኢንፑት ሜተድ” ውስጥ አይባስን ይምረጡ፣ ወጥተው ይግቡ፣ ከዚያ በአይባስ ማስተካከያ “አማርኛ – ሴራ” የሚለውን ይጨምሩ። አጻጻፉ በድምፅ ነው፤ ትልቁ የላቲን ቲ ጠን፣ ትልቁ ሲ ጨን፣ ትልቁ ኤስ ጸን፣ ኤክስ ደግሞ ሸን ይሰጣል። ዊንዶውስ ላይ ኪማን የተባለውን መጻፊያ የለመደ ሰው ኪማን ለሊነክስም ስላለ እሱን ቢጭን እጁ አይደናገርም።

ከመጻፉ በላይ ራስ የሚያዞረው ፎንቱ ነው። በመሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ በንያላ ነው፤ ንያላ የማይክሮሶፍት ስለሆነ ሚንት ላይ የለም። ሊብሬ ኦፊስ በኖቶ ወይም በአቢሲኒካ ይተካዋል፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይዘላል፣ ሰንጠረዡ ይሰበራል፣ ሁለት ገጽ የነበረው ውል ሦስተኛ ገጽ ላይ ፊርማውን ብቻ ይዞ ይወጣል። ለማተም የሚላክ ነገር ሁሉ በፒዲኤፍ ይሁን። በድሮው ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈው ደግሞ የባሰ ነው። እነዚያ ፎንቶች ዩኒኮድ (ዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ) አይደሉም፤ በላቲን ፊደል ቦታ የግዕዝ ሥዕል ያስቀመጡ ናቸው፣ ስለዚህ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። የፎንቱን ፋይል ከድሮው ማሽን ገልብጦ ሚንት ላይ ማስገባት ለማንበብና ለማተም ይበቃል፤ ለማረም ግን ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ የግድ ነው። የአሥር ዓመት የደብዳቤ ክምችት ያለው የጽሕፈት አገልግሎት ቢያንስ አንድ ዊንዶውስ ማሽን ያስቀር።

በፍላሽ በኩል ሚንት ያስገኘው ሰላም ቀላል አይደለም። ፋይሉን ሁሉ ደብቆ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ ሚንት ላይ አይነሳም፤ የተደበቀውም ፎልደር እንዳለ ይታያል፣ ሾርትከቱን አጥፍቶ ፎልደሩን ማውጣት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቶች ለዚህ ብቻ ብለው አንድ አሮጌ ማሽን ላይ ቢጭኑት ያዋጣቸዋል። ለኅትመት ግን ይጠንቀቁ፦ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 በሚንት ይሠራል፣ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠም ከኤችፒ የሚወርድ ተጨማሪ ፋይል ይጠይቃል። ኔት በሌለበት ቀን አዲስ ፕሪንተር አይገጠምም።

የማይሠራው ደግሞ ግልጽ ይሁን። ኢታብስ፣ ሳፕ2000፣ አውቶካድ፣ ሲቪል 3ዲ፣ ፒችትሪ፣ አርክጂአይኤስ ፕሮ፣ አዶቤ ፕሪሚየር፤ ለሊነክስ አልተሠሩም፣ በዘዴ ለማስነሳት የሚጠፋው ጊዜም አያዋጣም። ፖሊ ግቢ ሲቪል የሚማር ተማሪ ዊንዶውሱን ጎን ለጎን ይተው። ማትላብ የራሱ የሊነክስ ሥሪት አለው፤ ኪውጂአይኤስ፣ አር እና ፓይተን ደግሞ ሚንት ላይ እንዲያውም ይቀላሉ። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ሰዎች ዳቪንቺ ሪዞልቭ ለሊነክስ አለ ሲባሉ ደስ ይላቸዋል፤ ነጻው ሥሪት ሊነክስ ላይ ኤች.264 እና ኤኤሲ የተባሉትን የቪዲዮና የድምፅ ዓይነቶች አይከፍትም፣ ካሜራቸው የሚቀርጸው ግን በእነሱ ነው። እነሱም ዊንዶውስ ላይ ይቆዩ።

ወደ ፕሮሰሰሩ እንምጣ። “ኮር አይ5 ነው” የሚለው የሻጭ ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም። አይ5-7200ዩ ሁለት ኮር ነው፤ ቀጥሎ የመጣው አይ5-8250ዩ አራት ኮር ነው፤ ሁለቱም በዚያው 15 ዋት። ኢንቴል ለዓመታት በሁለት ኮር ሲያዘግም ቆይቶ በአንድ ጊዜ ቁጥሩን እጥፍ ያደረገው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኤኤምዲ ራይዘንን ያወጣውም በዚያው ዓመት ነው። አጋጣሚ ነው የሚል ይኖራል፣ እኛ አይመስለንም። የፉክክሩ ትርፍ ዛሬ ስላሽ ገበያው ላይ ደርሷል፤ በ7ኛውና በ8ኛው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ከሆነ 8ኛውን ሳያመነቱ ይውሰዱ።

በራይዘን በኩል ስሙ ወጥመድ ነው። 5500ዩ ዜን 2 ሲሆን 5600ዩ ዜን 3 ነው፤ 7520ዩ አዲስ ቢመስልም ባለ አራት ኮር ዜን 2 ነው፣ ራሙም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ 8 ጊጋ ከገዙ ለዘላለም 8 ጊጋ ነው። ከስላሾቹ መካከል 4500ዩን እንወዳለን፦ ስድስት ኮር፣ 7 ናኖሜትር፣ ለኮድ መጻፍና ለብዙ ታብ የሚበቃ አቅም። ነገር ግን የራይዘን ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዋናው ራም ይበደራል። 8 ጊጋ የተባለው ማሽን ሚንት ላይ 5.9 ጊጋ ብቻ ካሳየ አልተታለሉም፤ ባዮሱ 2 ጊጋ ለግራፊክሱ ቆርጦለት ነው፣ በአንዳንድ ማሽን ወደ 512 ሜጋ መቀነስ ይቻላል። ከዚህ በላይ የሚጎዳው ራሙ አንድ ብቻ ሆኖ ሲሸጥ ነው፤ አንድ ባለ 8 ከመሆን ሁለት ባለ 4 መሆን ግራፊክሱን በግልጽ ያፈጥነዋል፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ስለሚነበቡ። ኢንቴልም ይጠቀማል፣ ራይዘን ግን ያለዚህ አቅሙን አያሳይም።

ለሊነክስ ኢንቴል የሚበልጥበት ቦታ ፕሮሰሰሩ አይደለም፣ አብሮት የሚመጣው ዋይፋይ ነው። የኢንቴል ዋይፋይ ሚንት ገና ከፍላሽ ሲነሳ ይሠራል። ራይዘን ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ሪልቴክ ወይም ሚዲያቴክ ይዘው ይመጣሉ፤ በርካሽ ኤችፒዎች ላይ የሚገኘው ሪልቴክ 8821ሲኢ ይይዛል ይለቃል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ አዲስ ከርነል (የሊነክሱ እምብርት) ያለውን ሚንት 22.2 መጫን፣ ወይም ካርዱን አውጥቶ በኢንቴል መተካት፤ ሁለተኛውን አንዳንድ አሮጌ ኤችፒና ሌኖቮ ባዮሶች እምቢ ይላሉ። እስከዚያው ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ “ቴዘሪንግ” ማብራት ያለ ምንም ድራይቨር ኔት ይሰጣል።

አንድ የተለመደ ግራ መጋባትም አለ፦ ኡቡንቱ ሲወርድ የፋይሉ ስም ላይ “ኤኤምዲ64” ይላል፣ ኢንቴል ያላቸው ሰዎች ይተዉታል። ለሁለቱም ነው። 64 ቢቱን አሠራር በ2003 እ.ኤ.አ. በኦፕቴሮን ያወጣው ኤኤምዲ ስለሆነ ስሙ ቀረ፤ ኢንቴል በማግስቱ ዓመት ተቀበለው።

ሙቀትን በተመለከተ ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ ክፍሉ ራሱ ይግላል። 15 ዋት ያላቸው ዩ ፕሮሰሰሮች ፋናቸው ተጠርጎ ፔስታቸው (የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱ) ከታደሰ ይችሉታል። 45 ዋት ያላቸውን ኤች ፕሮሰሰሮች በአሮጌ ላፕቶፕ አንመክርም። ዴስክቶፕ የሚያስገጥሙ ቪዲዮ ቤቶች 13ኛና 14ኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ካገኙ ባዮሱ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኢንቴል ማስተካከያ ይዞ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ያልታደሰው ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየሰጠ ፕሮሰሰሩን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል፣ የተበላሸውን ደግሞ ማስተካከያው አያድነውም።

ከሚንት ሌላ ያሉትን ሥርዓተ ክወናዎች በአጭሩ፦ ዞሪን ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው ዓይን ይስማማል፣ ከኤክስኤፍሲኢ ግን ይከብዳል። ኡቡንቱ ጥሩ ነው፣ ፋየርፎክሱ በአሮጌ ማሽን ላይ ሲከፈት ይጎተታል። ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ ያለ ኔት ብዙ አይረባም፣ ስለዚህ እዚህ አይሆንም። ከኢንቴልና ከኤኤምዲ የተለየው የስናፕድራገን ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ ለሊነክስ ተብሎ አይገዛም።

ሱቅ ሲሄዱ ሚንት ያለበትን ፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ሳይጭኑ ከፍላሹ አስነስተው ዋይፋዩን ያገናኙ፣ ድምፁን፣ ካሜራውንና የብርሃን ቁልፎቹን ይሞክሩ፣ “ሲስተም ኢንፎርሜሽን” ውስጥ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስምና የራሙን መጠን ያንብቡ። ከዚያ ክዳኑን ዘግተው ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይክፈቱ፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ ሻጩ ምንም ቢል፣ ሌላ ማሽን ያሳይዎት።