10 ደቂቃ አሰርቶ የሚነቅል የማይነር ሻጭ አትመኑ

ያገለገለ ማይነር፣ ማለትም ስሌት እየሰራ ቢትኮይን የሚያስገኝ ማሽን፣ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ገንዘባችሁ ከእጃችሁ ሳይወጣ ይህን አንብቡ። ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። "ከፋርም የወጣ፣ ንጹህ፣ ብዙ ያልሰራ" ይላሉ፤ ፋርም የሚሉት ብዙ ማይነር በአንድ ላይ የሚሰራበትን ቦታ ነው። ዋጋውን ለቴራሃሹ (የማሽኑ ጉልበት መለኪያ፤ አንድ ቴራሃሽ በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ስሌት ነው) አካፍለው "ከዚህ የረከሰ ካገኛችሁ አምጡ" ይላሉ። ክፍያ በዩኤስዲቲ፣ ከዶላር ጋር በተሳሰረው ዲጂታል ገንዘብ፣ ብቻ ነው፤ አንዴ ከተላከ ደግሞ የሚያስመልስላችሁ ባንክ የለም።

ማሽኑ የቀረበው አንትማይነር ኤስ19፣ 95 ቴራሃሽ ተብሎ ነው። ሻጩ ሰካው፣ ፋኖቹ ጮኹ፣ የማሽኑ መቆጣጠሪያ ገጽ ተከፈተ። ሶስቱም ሃሽቦርዶች (ስሌት የሚሰሩት ቺፖች የተደረደሩባቸው ሰሌዳዎች) ይታያሉ፣ በእያንዳንዳቸው 76 ቺፕ ይነበባል፣ የአምስት ደቂቃው ሃሽሬት (የስሌት ፍጥነቱ) ከ95 በላይ ነው። ከዚያ የሶስተኛው ቦርድ ሙቀት ሌሎቹን ሁለቱን ጥሎ መውጣት ጀመረ። "ትንሽ ይቆይ፣ ሲግል እንየው" ሲባል እጁ ወደ ገመዱ ሄደ። "አይታችሁታል እኮ! የመብራቱን ሂሳብ ማን ሊከፍል ነው?" ብሎ ነቀለው። 10 ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ክህደቱ ያለው እዚህች ላይ ነው። ቦርዱ መቼ እንደሚወድቅ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሳይወድቅ ነቀለው።

ማሽኑ ተገዝቶ ገዢው ቦታ ላይ ተተክሎ ግማሽ ሰዓት ሳይሰራ የሶስተኛው ቦርድ ቺፕ ከ76 ወደ 0 ወረደ። አጥፍታችሁ ስታቀዘቅዙት እንደገና 76 ይላል፤ ሲግል እንደገና 0። የቦርዱ ቺፖች መልእክት የሚያሳልፉት በተራ፣ አንዱ ለሚቀጥለው እየሰጠ ነው። ከአንዱ ስር ያለው ሊድ (ቺፑን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘው ብየዳ) ከተሰነጠቀ ቀዝቃዛ ሳለ ይነካካል፣ ሙቀት ሲለጥጠው ይለያያል። ሰንሰለቱ በተቋረጠ ቁጥር ማሽኑ ቦርዱን እንዳለ ያጠፋዋል። አጭር ማሳያ ይህን ብልሽት በፍጹም አያወጣውም።

ሻጩ ስልክ ሲደወልለት መልሱ "ያገለገለ ዕቃ ዋስትና የለውም፤ ይህን ሳታውቅ ማይኒንግ ውስጥ ምን አስገባህ?" የሚል ነበር። ንቀቱ ከኪሳራው በላይ ያንገበግባል።

አሁን ሂሳቡን ተመልከቱ። ሶስት ቦርድ ሁለት ሲሆን 95 ወደ 63 ቴራሃሽ ይወርዳል። ያ "ከሁሉም የረከሰ" የተባለው የአንድ ቴራሃሽ ዋጋ በግማሽ ይጨምራል ማለት ነው። ፍጆታውም እኩል አይወርድም፤ ፋኑና ፓወር ሳፕላዩ ድርሻቸውን መብላት አይተዉም። ከሶኬቱ ላይ ሲለካ 2300 ዋት ነው፤ ለ63 ሲካፈል 36.5 ጁል በቴራሃሽ፣ ማለትም ለአንድ ቴራሃሽ የሚበላው ጉልበት፤ ሲያንስ ይሻላል። ሙሉው ኤስ19 በፋብሪካው ስሌት 3250 ዋት ለ95፣ 34 ገደማ ነው።

ይባስ ብሎ ሻጩ ለካሳ ያቀረበው ሁለት ኤስ9 ነው፤ "የጎደለውን ይሞሉላችኋል" ብሎ። ኤስ9 እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ማሽን ነው፤ 13.5 ቴራሃሽ ለመስጠት 1320 ዋት አካባቢ ይፈልጋል፣ ማለትም 98 ጁል በቴራሃሽ። ሁለቱ ተደምረው የሚሰጡት 27 ቴራሃሽ የጎደለውን 32 እንኳ አይሞላም፤ ፍጆታቸው ግን 2640 ዋት፣ ከአካል ጉዳተኛው ኤስ19 ይበልጣል! ሁሉንም ብትሰኩ 90 ቴራሃሽ በ4940 ዋት፣ 55 ጁል በቴራሃሽ። ኋላ የወጣው ኤስ21 በ3500 ዋት 200 ቴራሃሽ ያወጣል፤ 17.5 ጁል ነው። የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 10 ሳንቲም ዶላር ቢሆን፣ ያ "ካሳ" ያለበት ስብስብ በቀን ወደ 12 ዶላር የሚጠጋ መብራት ይበላል፤ ኤስ21 ከእጥፍ በላይ ሰርቶ 8 ዶላር ከ40 ሳንቲም። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 የብሎክ ሽልማቱ (ለማይነሮች የሚከፈለው አዲስ ቢትኮይን) ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ከወረደ በኋላ ለዚያው ፍጆታ የሚገኘው ቢትኮይን ግማሽ ሆኗል። ኤስ9ን "ትርፍ አለው" ብሎ የሚሸጥ ሰው መብራቱን የሚከፍለው እሱ ስላልሆነ ብቻ ነው።

ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ዋትም አትመኑ። በብዙ ፈርምዌሮች (ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱ ሶፍትዌሮች) ላይ የተለካ ሳይሆን የተገመተ ቁጥር ነው፤ የተቀየረ ፈርምዌር ደግሞ ሃሽሬቱን ራሱ ያሳብጠዋል። ማሽኑን በራሳችሁ የፑል (ማይነሮች ጉልበታቸውን አዋጥተው ሽልማቱን የሚካፈሉበት አገልግሎት) አካውንት 24 ሰዓት አሰሩት፣ ከሶኬቱ ላይ የሚያልፈውን ዋት በሜትር ለኩ፣ ዋቱን ፑሉ ለሚያሳየው የ24 ሰዓት አማካይ አካፍሉ። ሻጩ ቀኑን ሙሉ አላሰራም ካለ ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ፣ የሶስቱም ቦርድ የቺፕ ቁጥር ሳይቀንስ። ያንንም እምቢ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።